ስም የጠፋበትን የጀልባ ሞተር ማን ሠራው?

በዋሽንግተን፣ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ በ1894 የተሠራች አንዲት መኪና ትገኛለች። ያሠራት ኤልውድ ሄንስ የተባለ የኢንዲያና ሰው ነው፤ የአፐርሰን ወንድማማቾች በብረት ሥራው ተባበሩት። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን ከኮኮሞ ከተማ ወጣ ባለ መንገድ ላይ በራሷ ኃይል ስትሄድ ታየች፤ ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን መኪኖች አንዷ ሆናም በታሪክ ተመዘገበች። ሞተሯ ግን ለመኪና የተሠራ አልነበረም። ሄንስ በሚሺጋን፣ ግራንድ ራፒድስ ከነበረው ከሲንትዝ ጋዝ ኢንጂን ኩባንያ በ225 ዶላር የገዛው፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር ነበር።

ያንን ሞተር ማን እንደሠራው ዛሬ የሚታወቀው መኪናዋ ዝነኛ ስለሆነችና የግዢው ታሪክ ተጽፎ ስለቀረ ነው። ከዚያው ዘመን የተረፉት አብዛኞቹ የጀልባ ሞተሮች እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። ጀልባው በስብሶ ሲያልቅ ሞተሩ በባሕር ዳር መጋዘን ጥግ ተጣለ፤ ወይም ከባድ በመሆኑ ብቻ በሰንሰለት ታስሮ ለሌላ ጀልባ መልሕቅ እንዲሆን ወደ ውኃ ተለቀቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ሰው ሲያገኘው ስሙ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ የለም፤ ሰሌዳው የነበረበትን ቦታ የሚያሳዩት ትንንሽ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ሞተር የማን እጅ ሥራ እንደሆነ እንዴት እንደሚታወቅ ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ወደ እንግሊዟ ባዝ ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ጆሴፍ ዴይ የተባለ መሐንዲስ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በካም የሚገፉ ቫልቮች የማያስፈልጉት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሠርቶ ፓተንት አወጣበት። በዚህ ሞተር ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። አየርና ነዳጁ በመጀመሪያ ክራንክሻፍቱ ወደሚዞርበት የታችኛው ክፍል ይገባል፤ እዚያ ጥቂት ተጨምቆ በጎን ባለው መሻገሪያ ወደ ላይ ይወጣና ይቃጠላል። የዴይ ባልደረባ ፍሬድሪክ ኮክ በ1892 ሦስተኛ ቀዳዳ ጨምሮ አሠራሩን ይበልጥ አቀለለው። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ዋና ዋና ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ሦስት ብቻ ሆኑ፦ ፒስተኑ፣ የፒስተኑ ዘንግና ክራንክሻፍቱ።

እንዲህ ያለ ሞተር ለመሥራት ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም ነበር። በአቅራቢያው ብረት የሚያቀልጥ፣ አንድ ቶርኖና አንድ መሰርሰሪያ ያለው ትጉህ ሰው ሊሠራው ይችላል። በመሆኑም ከ1895 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ባሉት ዓመታት በአሜሪካና በካናዳ የባሕር ጠረፍ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች ዳርቻና በወንዝ ዳር ከተሞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠሪዎች ተነሡ። አንዳንዶቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሞተር ሸጡ፤ ሌሎቹ ጥቂት ብቻ አምርተው ተዘጉ። በኮኔቲከት ጠረፍ፣ ኮስ ኮብ ላይ የፓልመር ወንድማማቾች በ1895 ጀመሩ፤ ከእነርሱ ብዙም ሳይርቅ ማያነስ ሞተር ዎርክስ ተከፈተ፤ ሚስቲክ በምትባለው የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ጄምስ ላትሮፕ በ1897 የራሱን አቋቋመ። ዲትሮይት ብቻዋን ግሬይን፣ ስክሪፕስን፣ ከርማዝንና ኬይልን ይዛ ነበር፤ ኬይል የሚለው ስም የቁማር ማሽን በመሥራትም የታወቀ ነው። በኖቫ ስኮሺያ በ1891 የተመሠረተው የሉነንበርግ ማቅለጫ «አትላንቲክ» የተባለውን ሞተር ያመርት ነበር፤ በብሪጅዎተር ከተማ በ1908 የተቋቋመው አካዲያ ደግሞ ሞተሮቹን እስከ ኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ድረስ አደረሰ።

ሁሉም ከአንድ ሐሳብ የተገኙ ስለሆኑ ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሲሊንደር፣ ከፊት ለፊቱ መካኒኮች ፍላይዊል የሚሉት ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ ከሥር እንደ በርሜል ክብ የሆነ ክፍል፣ ግራና ቀኝ የሚያስቀምጡት ሁለት እግሮች፣ በጎኑ ውኃ የምትስብ ትንሽ የነሐስ ፓምፕ። ሃያ የተለያዩ ሠሪዎች ያወጧቸው ሃያ ሞተሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ያልለመደ ዓይን ሁሉንም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ሞተሩን እንደ ችሎት ማየት ይጠቅማል። ምስክሮቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል አይታመኑም። ለእያንዳንዱ ምስክር መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ክፍል የሞተሩ ሠሪ ራሱ አቅልጦ ሠራው ወይስ ከገበያ ገዝቶ ገጠመው? ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ስም ማንበብ አብዛኞቹን ጀማሪዎች ያሳስታል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብረት ይዝጋል፤ ነሐስ ግን አይዝግም። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ በሞተሩ ላይ ጎልቶ የሚነበበው ስም ብዙውን ጊዜ በነሐስ ዕቃ ላይ ያለው ነው፤ የነሐስ ዕቃዎቹን ደግሞ አብዛኞቹ ሞተር ሠሪዎች ራሳቸው አልሠሯቸውም። ሉንከንሃይመር የሚል ጽሑፍ ያለበት የዘይት ኩባያ ወይም የነዳጅ መቀላቀያ ቫልቭ ያገኘ ሰው «ሞተሩ ሉንከንሃይመር ነው» ብሎ ይደመድማል። ሉንከንሃይመር ግን በ1862 ሲንሲናቲ ውስጥ የተጀመረ የቫልቭና የነሐስ ዕቃ ፋብሪካ ነው፤ ዕቃውን ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ሼብለር የሚለውም በኢንዲያናፖሊስ ይሠራ የነበረ ካርቡራተር ነው፤ በጀልባም፣ በመኪናም፣ በሞተር ሳይክልም ላይ ይገኛል። ቦሽና ዊኮ የብልጭታ ማመንጫ፣ ማለትም የማግኔቶ ስሞች ናቸው። እነዚህ ስለ ሠሪው አይመሰክሩም።

ስለ ዘመኑ ግን አንዳንድ ነገር ይናገራሉ። የጀርመኑ ቦሽ በአሜሪካ የነበረው ንብረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918 በመንግሥት ተይዞ ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ «አሜሪካን ቦሽ» የሚለው ስም መታየት ጀመረ። ይህ ስም ያለበት ማግኔቶ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ሊሆን አይችልም። ሞተሩ ግን ከማግኔቶው በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል፤ ዓሣ አጥማጅ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ማግኔቶ መግጠሙ የዘወትር ነገር ነበር።

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰው ብረት ነው። ሲሊንደሩ፣ የታችኛው ክፍልና መንኮራኩሩ የሚፈስሱት ከእንጨት በተጠረበ ሞዴል ነው፤ ሞዴሉ የሠሪው የግል ንብረት ስለሆነ በላዩ ላይ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች የእርሱ ናቸው። እነዚህ ከብረቱ ወለል ከፍ ብለው የሚታዩ ጽሑፎች ናቸው። በመንኮራኩሩ ጠርዝ ዙሪያ፣ በታችኛው ክፍል የመፈተሻ ቀዳዳ ክዳን ላይ፣ በመሻገሪያው መሸፈኛና የማቀዝቀዣ ውኃ በሚያልፍበት ክፍል ክዳን ላይ መፈለግ አለባቸው። አንዳንዴ ሙሉ ስም ከነከተማው ይገኛል፤ አንዳንዴ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ ብቻ።

ከፍ ብሎ የሚታየውን ቁጥር ወደ ውስጥ ከተመታው ቁጥር መለየት የግድ ነው። ከፍ ያለው የሞዴሉ ቁጥር ነው፤ በአንድ ሞዴል የፈሰሱ ክፍሎች ሁሉ ያንኑ ይይዛሉ። በመዶሻና በብረት ማኅተም ወደ ውስጥ የተመታው ደግሞ የዚያ ሞተር ብቻ የሆነ ተከታታይ ቁጥር ነው። የሚገኘውም በክራንክሻፍቱ ጫፍ፣ በመንኮራኩሩ እምብርት ወይም ሲሊንደሩ ከታችኛው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ከንፈር ላይ ነው። በሦስቱም ቦታ ያው ቁጥር ከተገኘ ክፍሎቹ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ናቸው። ሲሊንደሩ የሞዴል ቁጥር ኖሮት ተከታታይ ቁጥር ከሌለው ግን ምናልባት በኋላ የተገዛ መለዋወጫ ነው። የመንኮራኩሩ ቁጥር ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ሞተር የተወሰደ ነው፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈው ስምም የቀሪውን ሞተር ሠሪ አያሳይም።

ጽሑፍ ሁሉ ሲጠፋ ካሊፐርና ሜትር ይወጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለካው የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት ነው፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ሲሊንደር ሲያረጅ በቶርኖ ይሰፋና ትልቅ ፒስተን ይገባበታል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚለካው ስፋት ፋብሪካው የሰጠው ላይሆን ይችላል። የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት ግን በክራንክሻፍቱ ቅርጽ የተወሰነ ነውና አይለወጥም። ሁለቱ ከተጣሉ የጉዞው ርዝመት ይታመናል። ከእነዚህ ጋር የመንኮራኩሩ ስፋትና ውፍረት፣ የክንዶቹ ብዛትና ቀጥ ያሉ ወይም የተጠማዘዙ መሆናቸው፣ በእግሮቹ ላይ ባሉት የማሰሪያ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት፣ የዘንጉም ውፍረት ይመዘገባሉ። የጠፋው የስም ሰሌዳ የተወው ምልክትም ይለካል፦ በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ስፋትና ቁመት ከሚታወቁ ሰሌዳዎች ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጩዎችን ያስወግዳል።

ነዳጅ የሚገባበት ቦታ የሞተሩን ዓይነት ይነግራል። መቀላቀያው በቀጥታ ከታችኛው ክፍል ጋር ከተያያዘና ወደ ኋላ የማያስመልስ ትንሽ ቫልቭ ካለው ሞተሩ የዴይ የመጀመሪያ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ካርቡራተሩ ከሲሊንደሩ ግርጌ ከተገጠመና ፒስተኑ ራሱ ቀዳዳውን የሚከፍተው ከሆነ ደግሞ የኮክ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው። መሻገሪያው በግራ ነው በቀኝ፣ ፓምፑ የት ተገጠመ፣ የሲሊንደሩ ራስ ለብቻው ይፈታል ወይስ ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ላይ ፈሷል የሚሉት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሠሪዎችን እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሠሪውን አእምሮ የሚያሳየው ብልጭታው የሚፈጠርበት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በብዙዎቹ የመጀመሪያ ሞተሮች ላይ ካንዴላ አልነበረም። በሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት የብረት ጫፎች ይነካካሉ፤ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከውጭ ያለ ዘንግ ድንገት ያላቅቃቸዋል፤ በሚላቀቁበት ቅጽበት ብልጭታ ይፈጠራል። በኋላ በካንዴላ የሚሠሩ ሞተሮች መጡ፤ የጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ግን አሮጌውን ዘዴ ለብዙ ዓመታት አልተዉም፤ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ዝቅተኛ ኃይል ስለሆነ የጨው ውኃ ሲረጭበት በቀላሉ አይበላሽም። ሌላም ጥቅም ነበረው። ልምድ ያለው ሰው ብልጭታውን ያጠፋና ሞተሩ ሊቆም ሲል ልክ በሰዓቱ መልሶ ያበራዋል፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጀልባውም ያለ ማርሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጫፎቹን የሚያላቅቀውን ዘንግ፣ ምላሱንና ሞላውን እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ነድፎ ብዙ ጊዜም ፓተንት አውጥቶባቸዋል። ስለዚህ ይህ ክፍል ሳይጎድል ከተገኘ ልምድ ያለው ዓይን ስም ሳያነብ ሠሪውን ሊለይ ይችላል።

ቡሎን የተናቀ ምስክር ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ለእንግሊዝ ያቀረበው የቡሎን ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ ዊሊያም ሴለርስ በ1864 ለአሜሪካ ያቀረበው ግን 60 ዲግሪ። በብዙ ልኮች ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። በግማሽ ኢንች ቡሎን ላይ ግን ይለያያሉ፦ በእንግሊዙ 12፣ በአሜሪካው 13 ጥርስ በኢንች አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሞተር ላይ አንድ ያልተነካ የግማሽ ኢንች ቡሎን ማግኘት ፍለጋውን ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ አንድ ዳር ሊወስደው ይችላል። ልኩ በሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ አውሮፓ ዋና ምድርና ወደ ስካንዲኔቪያ መመልከት ይገባል።

የፓተንት ቀንም እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካውያን በሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት የፓተንቱን ቁጥር ሳይሆን ቀኑን ነበር። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ደግሞ ከ1848 ጀምሮ ፓተንት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልማድ ዝገት የበላውን አኃዝ ለማንበብ ትልቅ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ ያህል «ማርች 1…፣ 1907» የሚል ጽሑፍ ቢገኝና ሁለተኛው አኃዝ ባይነበብ፣ በዚያ ወር በአሥራዎቹ ቀናት ውስጥ ማክሰኞ የዋለው 12 እና 19 ብቻ ነው። ፈላጊው ከአሥር ቀናት ፈንታ የሁለት ቀን መዝገብ ብቻ ይመረምራል። በእነዚያ ቀናት ከተሰጡት ፓተንቶች መካከል የጀልባ ሞተርን የሚመለከቱት ጥቂት ስለሚሆኑ የፈጠራው ባለቤት ስምና ከተማው ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

ስም ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይከተላል፤ የሞተሩ ስምና የሠሪው ስም አንድ ላይሆኑ ይችላሉና። በስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የተከበረው «ኬልቪን» የሰው ወይም የድርጅት ስም የሚመስለው ብዙ ነው። ሠሪው ግን ግላስጎው ውስጥ በ1904 መኪና ለመሥራት የተነሣው ዋልተር በርጊየስ ነው። መኪናው ብዙ አልተሸጠም፤ ሞተሩ ግን በ1906 ጀልባ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያውም ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። ኬልቪን በግላስጎው የሚያልፍ ወንዝ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሲርስ የተባለው ታላቅ የካታሎግ ነጋዴ «ሞተርጎ» የሚል ስም የለጠፈባቸውን ሞተሮች ይሸጥ ነበር፤ የሚሠሩለት ግን ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ። ሞተርጎ የሚል ሰሌዳ ያገኘ ሰው ሻጩን እንጂ ሠሪውን አላወቀም። ሥራው ከዚያ ይቀጥላል፤ ልኩን ወስዶ በዚያው ዓመታት ከነበሩ ሌሎች ሞተሮች ጋር ማስተያየት አለበት።

በእንግሊዝ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ሄንሊ አካባቢ በ1906 የተመሠረተው ስቱዋርት ተርነር የሚያስነሣው ጥያቄ ከዚህም የከበደ ነው። ይህ ድርጅት የተጠናቀቁ ሞተሮችን ብቻ ሳይሆን የትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችን ያልተቆረጠ ፍስ ብረት ለደንበኞች ይሸጥ ነበር። ገዢው በራሱ ቶርኖ ቆርጦ፣ ሰርስሮና አለስልሶ ያጠናቅቀዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ሠሪው ማን ነው? በሞዴሉ ባለቤትነት ስቱዋርት ተርነር ነው፤ ጥራቱን የወሰነው ግን ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው ነው። ሁለቱንም መመዝገብ ትክክል ይመስላል፦ ብረቱ ከማን እንደመጣና ማጠናቀቁ የግለሰብ እጅ ሥራ መሆኑን።

ለኢትዮጵያ አድማጭ የሚቀርበው ምሳሌ ሊስተር ነው። በ1867 በእንግሊዝ ዱርስሊ ከተማ የተመሠረተው ይህ ፋብሪካ ለጀልባ የሚሆኑ ሞተሮችንም ሠርቷል፤ በ1930 አካባቢ ያወጣው ቀርፋፋና ጠንካራ የናፍጣ ሞተር ግን በዓለም ዙሪያ ወፍጮና የውኃ መሳቢያ እያንቀሳቀሰ ዘልቋል፤ በአገራችንም በወፍጮ ቤቶች ስሙ እንግዳ አይደለም። ይህን ሞተር በህንድ፣ በተለይም በራጅኮት ከተማ ብዙ አምራቾች ቀድተውታል። ቅጂዎቹ የሚሠሩና የሚያገለግሉ ናቸው፤ ሠሪያቸው ግን ሊስተር አይደለም።

ቅጂን ከዋናው ለመለየት አንድ የተፈጥሮ ሕግ ይረዳል። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ይህም ለአንድ ጫማ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ኢንች ያህል፣ ማለትም ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ትክክለኛ ሞዴል የሚሠራ አናጢ ይህን አስቦ እንጨቱን ከሚፈለገው ልክ ትንሽ ያስበልጠዋል። አንድ ሰው ግን የሌላውን የተጠናቀቀ ሲሊንደር ወስዶ እንደ ሞዴል በአሸዋ ውስጥ ቢቀብረውና ብረት ቢያፈስበት፣ የሚያገኘው ክፍል ከዋናው ከመቶ አንድ ያህል ያንሳል። በአሥራ ሁለት ኢንች ላይ ይህ ልዩነት በካሊፐር ሳይሆን በተራ ማስመሪያ የሚታይ ነው። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች ተገኝተው የአንደኛው ፍስ ብረት ከዳር እስከ ዳር በዚያው መጠን አንሶ ከተገኘ፣ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።

የስካንዲኔቪያ ሞተሮች ሌላ ንግግር ይፈልጋሉ፤ እዚህ አንድ ምልክት ብቻ ይበቃል። በሲሊንደሩ ራስ ላይ እንደ ሽንኩርት ያበጠ የብረት ኳስና ከሥሩ የእሳት ፋኖስ ማስቀመጫ ካለ ሞተሩ በቤንዚንና በብልጭታ የሚሠራ አይደለም፤ ኳሱ በእሳት ግሎ ወፍራም ነዳጅ የሚያቃጥል ነው። የስቶክሆልሙ ቦሊንደር በዚህ ዓይነት ስሙን አስጠርቷል፤ በ1912 የእንግሊዝ ቦይ ጀልባዎች ላይ መገጠም ጀምሯል።

ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱ አለ። ዘ ራደርን የመሳሰሉ የጀልባ መጽሔቶች ከገጽ እስከ ገጽ በሞተር ማስታወቂያ የተሞሉ ነበሩ፤ ሠሪዎቹም ለመታወቅ ብዙ ይደክሙ ነበር። የዚያው መጽሔት አዘጋጅ ቶማስ ፍሌሚንግ ዴይ በ1912 «ዲትሮይት» በተባለች 35 ጫማ ጀልባ፣ በስክሪፕስ ሞተር፣ ከዲትሮይት ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ መጓዙ የዚያን ዘመን መንፈስ ያሳያል። የማስታወቂያዎቹ ሥዕሎች በእጅ የተቀረጹ፣ ዝርዝራቸው የጠራ ነው፤ የፓምፑ ቦታ፣ የክንዶቹ ብዛት፣ የዘንጉ ቅርጽ ይለያል። ያው ሥዕል በሁለት የተለያዩ ነጋዴዎች ስም ታትሞ ሲገኝ ደግሞ አንዱ ለሌላው ይሠራ እንደነበር ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሚስቲክ ያለው የባሕር ሙዚየምና በሉነንበርግ ያለው የአትላንቲክ ዓሣ ሀብት ሙዚየም ለንጽጽር የሚሆኑ ሞተሮች ከሚታዩባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ባለቤት ሞተሩን እንዳገኘ በአሸዋ ግፊት ወይም በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ሊያሳምረው ይቸኩላል፤ በጥልቀት ያልተመታ ቁጥር ግን ከዝገቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በነጭ ጋዝ አርሶ፣ በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያሉ መፋቅ ይሻላል። ከዚያ ክፍሉ ጨለማ ተደርጎ የባትሪ ብርሃን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ በሚል ዝቅታ ይበራበታል፤ ፊት ለፊት የማይታየው ፊደል በጥላው ይወጣል። ቀጭን ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ጎን መቀባትም ብዙ ጊዜ ዓይን የሳተውን ያነባል። የቀለም ንጣፎችም ከመፋቃቸው በፊት በአንድ ጥግ ይጠናሉ፤ ከሥር ያለው የመጀመሪያው ቀለም የፋብሪካው ነውና።

ይህን ሁሉ አድርጎም ሠሪው ሳይገኝ የሚቀርባቸው ሞተሮች አሉ። እንዲህ ሲሆን ከሁሉ የሚከፋው ግምትን እንደ እውነት መጻፍ ነው። በሰሌዳ ፋንታ «ፓልመር» ብሎ የለጠፈ ሰው ቀጣዩን ፈላጊ ያሳስታል፤ ከእርሱ ሞተር ጋር የሚመሳሰሉት ሁሉ በዚያው ስም ይጠራሉ። ትክክለኛው መንገድ የታወቀውን ብቻ መመዝገብ ነው፦ የፒስተኑ ጉዞ፣ የመንኮራኩሩ ልክ፣ የሞዴል ቁጥሮቹ፣ የሰሌዳው ቀዳዳዎች ርቀት፣ ሞተሩ የተገኘበት ወደብና የጀልባው ዓይነት፣ ከፎቶግራፍ ጋር። የተፈቱ ዕቃዎችም፣ የማይረባ የሚመስለው ቡሎን ሳይቀር፣ በከረጢት ተለይተው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው በሜይን፣ ሌላው በኖቫ ስኮሺያ ያስመዘገቧቸው ሁለት ስም አልባ ሞተሮች ልካቸውና የሞዴል ፊደላቸው ሲገጥም አንድ ቡድን ይሆናሉ። ሦስተኛው ከነሰሌዳው በአንድ መጋዘን ሲገኝ የሁለቱም ሠሪ በዚያው ቀን ይታወቃል።